ማርላ ሆብስ የመረጠችው ቀጭን ሽጉጥ

የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ ኦርቪል ታኬት
ዕድሜ፦ 63
ሥራ፦ የጦር መሣሪያና የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ባለቤት
አድራሻ፦ ደቡብ ሚዙሪ፣ ዴልቢ ክሪክ፣ ከእህል ጎተራው ፊት ለፊት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ዓርብ፣ ኖቬምበር 8 ቀን 2019፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ቦታ፦ የሸሪፍ ጽሕፈት ቤት
ቃሉን የተቀበለችው፦ ምክትል ሸሪፍ ቴሬሳ ኦክስሊ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው እኔ ኦርቪል ታኬት ይህንን ቃል የምሰጠው ማንም ሳያስገድደኝ ነው። ምክትል ሸሪፏ ለዳኛ የሚቀርብ የጽሑፍ ቃል በእጇ ሳይኖር ላይል ሆብስን መያዝ እንደማትችል ስለነገረችኝ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል እናገራለሁ። ሰውየው የት እንዳለ ሳይታወቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ታሪክ መተረክ እንደማይዋጥልኝ ግን ተናግሬአለሁ፤ ይኸው እንዲጻፍልኝ ጠይቄም ተጽፏል።

ላይል ሆብስ የመንገድ ሥራ ማሽን ነጂ ነው። የማውቀው በየዓመቱ የአጋዘን አደን ሲቃረብ ጥይት ከእኔ ስለሚገዛ ነው። ሚስቱ ማርላ በአረጋውያን መጦሪያው ትሠራለች፤ ወንድሜን እስኪሞት ድረስ ያጠበችውና ያጎረሰችው እሷ ነች። በእኔ በኩል ለእሷ ያለኝ አክብሮት ከዚያ የመጣ መሆኑን አልደብቅም።

ቅዳሜ ኖቬምበር 2 ቀን ረፋድ ላይ ባልና ሚስቱ አብረው ወደ ሱቄ መጡ። ላይል፣ ማርላ ከማታ ተረኛነት ስትመለስ ከልብሷ ሥር ደብቃ የምትታጠቀው ሽጉጥ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ሁለት ሽጉጥ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። ሁለቱም አጫጭር ናቸው፤ ልዩነታቸው ጎናቸው ላይ ነው። አንደኛው ቀጭን ሆኖ ጥቂት ጥይት የሚይዝ ሲሆን ሌላኛው ወፍራም ሆኖ የእሱን እጥፍ ሊይዝ ትንሽ ይቀረዋል። ለደንበኛ ሁሉ የምለውን ለእነሱም አልኩ፤ ቀጭኑ ለመታጠቅ ይመቻል፣ ሲተኩሱት ግን እጅ ይመታል፤ ወፍራሙ ወገብ ላይ ይከብዳል፣ እጅ ውስጥ ሲገባ ግን አደብ አለው።

በሱቃችን የቆየ ልማድ አለ። ገዢው ባዶውን ሽጉጥ ከነማኅደሩ በራሱ ልብስ ሥር ያስርና እስከ ዓሣ ማጥመጃው መደርደሪያ ይሄዳል። እዚያ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ካርቶን ያወርዳል፣ ከታችኛው ደግሞ ጎንበስ ብሎ አንድ ያነሳል። በሱቁ ማሞቂያ ምድጃ ዳር የተቀመጠው ሰው ሽጉጡ በየትኛው ጎን እንዳለ ይገምታል፤ ከተሳሳተ ዶናት የሚገዛው እሱ ነው። በዚያን ቀን የተቀመጠው ጡረታ የወጣው የጭነት መኪና ሹፌር ሮስኮ ፒል ነበር። ማርላ ወፍራሙን አስራ ስትራመድ ሮስኮ ወዲያው «በቀኝ ነው፤ ከዚህ ሆኜ ቁጥሩን ላነብልሽ እችላለሁ» አላት። በቀጭኑ ጊዜ ግን ዓይኑን አጥብቦ ቆይቶ በግራ ነው አለ፤ ሽጉጡ የነበረው በቀኝ ነው። እኔና ሮስኮ ሳቅን። ማርላም ፈገግ አለች። ላይል አልሳቀም፤ «ከማን ልትደብቂው ነው እንዲህ ደስ ያለሽ?» አላት።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። ደብቆ የታጠቀን ሰው ማወቅ የሚፈልግ ወገቡን ሳይሆን እጁን ማየት እንዳለበት አስረዳሁ። ሽጉጥ ያልለመደ ሰው ጎንበስ ከማለቱ በፊት እጁ ሳያስበው ወደ ሸሚዙ ጫፍ ይሄዳል፤ ይህንን ለገዢ ሁሉ የምናገረው ልማዱን ከወዲሁ እንዲተው ነው። ላይል እንደገና እንዳሳየው ጠየቀኝ፣ አሳየሁት። ምክሬን ከልቡ የሚሰማ ደንበኛ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ማርላ ወደ መጸዳጃ ቤት ስትሄድ ላይል ባንኮኒው ላይ ተደግፎ «ወፍራሙን ስጣት፤ ታጥቃ ስትመጣብኝ ማወቅ እፈልጋለሁ» አለኝ። ባሎች እዚያ ባንኮኒ ላይ ብዙ የማይረባ ነገር ስለሚናገሩ እንደ ቀልድ ቆጠርኩት። ማርላ ተመልሳ ቀጭኑን እንደምትፈልግ ስትናገር ላይል «ጨርሰናል» አላት። ቅጹን ሞላች፣ መንግሥት ለገዢ ሁሉ የሚያደርገው የኋላ ታሪክ ማጣሪያ መልስ ያለ ችግር መጣ፣ ወፍራሙን ይዛ ሄደች።

ማክሰኞ ኖቬምበር 5 ቀን ከሰዓት በኋላ ማርላ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ብቻዋን መጣች፤ መኪናዋን ያቆመችው ከሱቁ ጀርባ ነው። ወፍራሙን ሽጉጥ አውጥታ «አቶ ታኬት፣ ይሄንን በቀጭኑ ይለውጡልኛል?» አለችኝ። ቀጭኑ እጇን እንደሚመታትና ለጀማሪ እንደማይመከር ነገርኳት። እሷም «እኔ መተኮስ አይደለም የፈለግኩት፤ እንዳይታይብኝ ነው» አለች። ቀጥላም ሰው ቢያቅፋት በእጁ ያገኘው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ማን እንደሚያቅፋት ስጠይቃት «ላይል ነዋ፤ ከቅዳሜ ወዲህ ከሥራ በገባሁ ቁጥር ያቅፈኛል። ድሮ አቅፎኝ አያውቅም» አለችኝ። ይህንን ስትነግረኝ ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፤ እኔ ግን ፈራሁ።

ዓርብ ላይል ሥራ ሲገባ እሷ ከስቴቱ ወሰን ማዶ አርካንሳስ ወዳለችው እህቷ ወደ ግሌና እንደምትሄድ ነገረችኝ። ለሸሪፍ እንድታመለክት ስመክራት «ሸሪፍ መጥቶ ይሄዳል፤ እዚያው ቤት ከእሱ ጋር የምቀረው እኔ ነኝ» አለች። ምክትል ሸሪፏ ይህንን ስትጽፍ ቀና ብላ አይታኛለች፤ ማርላ የተናገረችው ግን ይኸው ነው። ሽጉጡን ለወጥኩላት። ብብቷ ሥር እንድትይዘው መክሬ ማኅደሩን አሳየኋት፤ አዲስ ነገር ለመግዛት ፈርታ ያንኑ የወገቡን ማኅደር ይዛ ሄደች። ለማንም እንዳልናገር ለምናኛለች፤ አልተናገርኩም።

ዛሬ ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ የላይል ፒክአፕ ከሱቄ ፊት ለፊት ቆመ። ብርድ ስለነበር ማሞቂያው እንዲሠራ ሞተሩን ሳያጠፋ ብቻውን ገባ። በመስኮቱ ሳይ ማርላ ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ ተቀምጣ ፊት ለፊት ብቻ ትመለከታለች። ሁለቱ የአደን ጠብመንጃዎች ከመቀመጫው ኋላ ተሰቅለው ይታዩ ነበር። ላይል ከጃኬቱ ኪስ ያንን ቀጭን ሽጉጥ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረው። ባንኮኒዬ ላይ የተቀመጠን መሣሪያ መጀመሪያ የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ይህ የሱቁ ደንብ ስለሆነ ላይልም አልከለከለኝም። ሽጉጡ ጥይት ጎርሶ ነበር። ጥይቱን አውጥቼ ሽጉጡን ወደ እኔ በኩል አስቀመጥኩት።

ላይል «አንተ እኮ አስተማሪ መሆን ነበረብህ» አለኝ። «ረቡዕ የቤተ ክርስቲያኑ እራት ላይ ነው። ትሪ ልታነሳ ጎንበስ ስትል እጇ ቀድሞ ሄደ። ልክ አንተ እንዳልከው።» ምድጃው ዳር የነበረው ሮስኮ ፒል የያዘውን ኩባያ አስቀመጠ።

ላይል ቀጭኑን ወስጄ ወፍራሙን እንድመልስለት ጠየቀኝ። «ይሄ መጫወቻ እጄን አይሞላም» አለ። ወዴት እንደሚሄዱ ስጠይቀው «እህቷ ጋ ነዋ፤ ልትሸሽ ያሰበችበትን ከስልኳ ላይ አይቻለሁ። የሰው ሚስት ማስኮብለል ምን እንደሆነ ለእህቷ ባል ላስረዳው ነው» ብሎ ሳቀ። ሮስኮ ለዚያ ጠብመንጃዎቹ አይበቁህም ወይ ብሎ እንደ ቀልድ ሲጠይቀው «ጠብመንጃ ተሸክሜ በረንዳቸው ላይ ብወጣ ማን በር ይከፍትልኛል?» ሲል መለሰ። ሽጉጡ በማርላ ስም ስለሆነ እሷ ራሷ ትግባ አልኩት። «የትም አትሄድም፤ ስልኳ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። መኪናው ደግሞ በእጅ የሚቀየር ማርሽ ነው፣ አትችልበትም» አለኝ።

በዚህ ጊዜ ሰውየውን ማቆየት እንዳለብኝ ገባኝ፤ የመጣልኝም ያው ልማዳችን ነው። ጥይት የሌለበትን ወፍራም ሽጉጥ ከነማኅደሩ ሰጥቼው «ይህ ቦርጭ እያለህ ወፍራሙ ይታይብሃል። ሮስኮ ካወቀብህ እነሱም በር ላይ ያውቁብሃል» አልኩት። ላይል መበለጥ የማይወድ ሰው ነው። አሰረውና እስከ መደርደሪያው ሄደ። ሮስኮ «በቀኝ» አለው። ወደ ጀርባው አዞረው፤ ሮስኮ «ከኋላ። ጉብታ ያወጣህ ይመስላል» አለው። ላይልን ለማቆየት እየሞከርኩ መሆኑ ሳልነግረው ለሮስኮ የገባውን ያህል ዳኛም ጠበቃም ቢሰማው አይገባውም። ላይል ጃኬቱን ቆልፎ ሲሞክር በእውነት ምንም አይታይም ነበር፤ ሮስኮ ግን «አየሁት» አለው።

ሌላ ማኅደር ላመጣለት በሚል ምክንያት ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ማርላ አየችኝ። በአገጬ መንገዱን አመለከትኳት። ምንም አልተንቀሳቀሰችም፤ ያልገባት ወይም ፍርሃት ያሰራት መስሎኝ ተመለስኩ። ያመጣሁትን ማኅደር ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። ላይል ከታችኛው መደርደሪያ ካርቶን ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ ማርሹ ሲንቋቋ ተሰማ። ፒክአፑ ሁለት ጊዜ ወደ ፊት ዘለለ፣ ሊጠፋ ደረሰ፣ ከዚያ ማርላ ከነጠብመንጃዎቹ ይዛው አስፋልቱ ላይ ወጣች።

ላይል የእኔን ባዶ ሽጉጥ እንደታጠቀ ወጥቶ ሮጠ። መሀል መንገድ ላይ ቆሞ መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ አየ። ሲመለስ ይጮሃል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጮኸም። ወፍራሙን ፈትቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና «ቀጭኑን ስጠኝ» አለኝ። የማርላ ንብረት ስለሆነ ለእሷ ካልሆነ እንደማልሰጥ ነገርኩት። «እሺ፤ ለእኔ ሌላ ቀጭን ሽጥልኝ። ወፍራም ይታያል ብላችኋል፤ የማይታየውን እፈልጋለሁ» አለ። ቅጹን ተቀብሎ ሳይቸኩል በጥሩ እጅ ጽሕፈት ሞላው።

ማጣሪያውን ላክሁ። መልሱ ወንበሬ ላይ በቅጡ ሳልቀመጥ መጣ፤ ላይል ሆብስ ክስም እገዳም የሌለበት ስለሆነ ሊሸጥለት ይችላል የሚል ነው። እኔ መልሱ ዘግይቷል፣ በሚቀጥለው ሳምንት አጋማሽ ተመለስ አልኩት። እሱም «ሃርዲን ሚል ያለው ሱቅ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ነው?» ሲል ጠየቀኝ፤ አላውቅም አልኩት። ወጥቶ ከእህል ጎተራው በር ላይ አንድ ግራጫ ቫን አስቆሞ ሲሳፈር ሮስኮም እኔም አይተናል። ሰሌዳውን ማንበብ አልቻልንም። ወዲያውኑ ወደዚህ ቢሮ ደወልኩ።

በጎረቤት ከተማ ወዳለው የሃርዲን ሚል የጦር መሣሪያ ሱቅም ደውያለሁ። ባለቤቱ ለአደን ወጥቷል። ስልኩን ያነሳው ሻጭ ያልኩትን ከሰማ በኋላ «መልሱ ይሸጥለት ካለ እኔ ማን ነኝ የምከለክለው?» አለኝ። የግሌናን ባል ስም ስለማላውቅ ስልካቸውን ማግኘት አልቻልኩም። ማርላ ያለ ስልክ ነው የሄደችው፤ መንገዷ ደግሞ ሌላ ቦታ አያደርሳትም፣ ላይል ወደሚያውቀው የእህቷ ቤት ነው። እሷን መኪና ውስጥ ካለ ስጋት ያወጣኋት መስሎኝ በሌላ በኩል ቀድማ ሄዳ እንድትጠብቀው አድርጌ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ቃል በቃል ተነብቦልኛል፣ ያየሁትና የሰማሁት ነው፣ ቢያስፈልግ ፍርድ ቤት ቀርቤ እደግመዋለሁ። በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ የዋሸሁት ላይል ሆብስን ብቻ ነው። የማጣሪያው መልስ አልዘገየም ነበር። የሃርዲን ሚል ሱቅ የሚዘጋበትንም ሰዓት አውቀዋለሁ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፣ ከዚህ በመኪና አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ፊርማዬን አኑሬአለሁ፤ እባካችሁ አሁን ተነሱ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ኦርቪል ታኬት
የቃል ተቀባይዋ ፊርማ፦ ምክትል ሸሪፍ ቴሬሳ ኦክስሊ
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ25