የአንጥረኛው ጉንላይክ የመጨረሻ አክሊል

ክቡር ቄሳችን፣ የሸለቆው ባለ ርስቶች፣ እናቶቼና እህቶቼ፣ ከወንዙ ማዶ በረዶ ጥሳችሁ የመጣችሁ ሁሉ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ብርዱ እንደጸና አውቃለሁ። የቀብሩ ጠላም እቤት እየጠበቃችሁ ነው። አላረዝምባችሁም።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ብረት ቀጥቃጩ ቶርግሪም ነኝ። የእኔና የጉንላይክ የሥራ ጎጆ አንድ ግድግዳ ይጋራ ነበር። እኔ ወዲህ የፈረስ ጫማ ስቀጠቅጥ፣ እሱ ወዲያ ከፀጉር የቀጠነ የብር ክር ይገምድ ነበር። ይህን መቃብር የቆፈርኩትም እኔ ነኝ፤ መሬቱን በእሳት አሙቄ።

የስንብት ንግግር የሟቹን ደግነት ቆጥሮ፣ ለቀስተኛውን አስለቅሶ ያበቃል። እኔ ግን ማልቀስ አልቻልኩም። ከጠዋት ጀምሮ እየቀፈፈኝ ነው። ሬሳ አጥቤ አይደለም። እናንተን አይቼ ነው።

ዙሪያችሁን እዩ። ከበሩ እስከ ጉድጓዱ የጥድ ቅጠል ጎዝጉዛችኋል። ሴቶቻችን የሐዘን ብራቸውን ሰክተው መጥተዋል፤ ወርቅ ቅብ የሌለበትን፣ ነጩን፣ እንደ ደንቡ። ማን ሠራው? ልጆቻችሁ ከመጠመቃቸው በፊት ከመሬት በታች የሚኖሩት መናፍስት ሰርቀው በራሳቸው ልጅ እንዳይለውጡባችሁ መጠቅለያቸው ላይ የሰካችሁትን ጌጥስ ማን ሠራው? ሙሽሮቻችሁ ራስ ላይ የሚደፋውን፣ የጉባኤው አለቃ ሃልቫርድ ቆልፎ የሚያስቀምጠውን የቤተ ክርስቲያኑን አክሊልስ? እሱ ነው። ይኸው እዚህ ሳጥን ውስጥ ያለው ሰውዬ። ሰካራሙ።

ምነው አቀረቀራችሁ? ሰካራሙ ትሉት አልነበረም እንዴ?

ባለፈው የገና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ጉንላይክ ባርኔጣውን ሊያነሳ ሲል እጁ ተንቀጠቀጠና ባርኔጣው በረዶ ላይ ወደቀ። ሃልቫርድ፣ አንተ ደረጃው ላይ ቆመህ፣ «አይ ጉንላይክ፣ ዛሬም በጠዋቱ ቀማመስክ?» አልከው። ሰዉ ሳቀ። እሱም፣ «አዎ፣ ትንሽ» አለ። ባርኔጣውን አንስቼ አደረግሁለትና ሄድን።

መንገድ ላይ፣ «አንተ ሰው፣ ጠብታ ሳትቀምስ ለምን አዎ ትላለህ?» አልኩት። «ተው ባክህ ቶርግሪም፣» አለኝ፣ «ጌጣቸውን ባዩ ቁጥር የኔ ሕመም እንዲታያቸው አልፈልግም።»

አሁን እንዲታያችሁ እፈልጋለሁ። ወርቅ ቅብ እንዴት እንደሚሠራ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ወርቁ በባዝቃ ይሟሟል፤ ያ እንደ ውሃ የሚሮጠው መርዘኛ ብረት። ከዚያ ብሩ ላይ ይለቀለቅና ከሰል ላይ ይያዛል። ባዝቃው ጢስ ሆኖ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል። ጢሱ የት ይሄዳል? በክረምት፣ በተዘጋ ጎጆ ውስጥ? ደረቱ ውስጥ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ድዱ ደማ። ከዚያ ጥርሱ ረገፈ። ከዚያ እጁ። እናንተ ግን፣ «ቅቡን ወፈር አድርገው፣ ከበር ሆኖ ለሚያየኝ ያብለጭልጭ» ትሉት ነበር። ማብለጭለጩን ወሰዳችሁ፣ መንቀጥቀጡን ለእሱ ተዋችሁ፣ ከዚያ ሳቃችሁበት። ይሄ ነው የሚቀፈኝ።

ቆዩ፣ ገና ነኝ። ክቡር ቄስ፣ አይቸኩሉ።

ኢንጌሪድን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። እናት አባት የላትም። የጉንላይክ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ በኋላ እጁ ማንኪያ መያዝ ሲያቅተው ያበላችው እሷ ናት። በመጪው እሑድ እንጨት ቆራጩን ኤይሊፍን ታገባለች። አርግዛለች። ተደብቆ የሚቀር ነገር አይደለም፣ አልደበቀችም። ያገሯ ሙሽራ ሁሉ እንደሚያደርገው አክሊሉን ለመዋስ ሃልቫርድ ዘንድ ሄደች። ሃልቫርድ ምን አላት? በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አክሊል የንጹሕ ራስ ነው። ላንቺ ሻሽ ይበቃሻል» አላት። ክቡር ቄስ፣ እርስዎም እዚያው ነበሩ። ጉሮሮዎን ጠርገው ገቡ።

የንጹሕ ራስ! እንግዲህ ስለ ንጹሕ ራስ እናውራ። ሙሽራ ስትዳር የብር መቀነት ትታጠቃለች። መቀነቱ ከናት የሚወረስ ነው፣ ልኩ የታወቀ ነው። ታዲያ በሠርግ ሰሞን ለምንድን ነው እናቶች መቀነቱን በሽርጣቸው ሸፍነው በጓሮ በር ወደ ጉንላይክ የሚመጡት? ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ እሰማ ነበር። «ጉንላይክ፣ አንድ ቁራጭ ጨምርበት እስቲ። ልጅቷ ዘንድሮ ገንፎ በዝቶባት ወፈር ብላለች።» እሱም፣ «እሺ እመቤቴ» ይላል። ይጨምራል። ሴትየዋ ስትወጣ ግድግዳውን ያንኳኳልኛል። «ቶርግሪም፣ የዚህ ሸለቆ ገንፎ ያስረግዛል እንዴ?» እንስቅ ነበር። የማን እናት እንደሆነች ግን አንድ ቀን ስም ጠርቶልኝ አያውቅም።

ስም አልጠራም፣ አስከሬኑን አላሳፍርም። ግን ድምፅ አውቃለሁ። ከእናንተ መካከል ስንቶቻችሁ በተጨመረ መቀነት ላይ የንጹሕ ራስ አክሊል ደፍታችሁ እንደገባችሁ አውቃለሁ። ባለ ትልልቅ እርሻዎቹ። እዚህ ፊት ለፊት የቆማችሁት። ሃልቫርድ፣ ለምን ሚስትህን ታያለህ? እኔ ምንም አላልኩም። እዬዬም ሲዳላ ነው፤ ንጽሕናም እንደዚያው ሆኗል በናንተ ቤት።

ጉንላይክ የኢንጌሪድን ነገር ሲሰማ አልተቆጣም። የሟች ሚስቱን ጌጥ፣ የራሱን ማንኪያዎች፣ የጫማውን የብር ዘለበት ሳይቀር አቅልጦ አክሊል ይሠራላት ጀመር። እጁ አልታዘዝ ሲለው ክርኑን በጠፍር ከጠረጴዛው ጋር አሰርኩለት። ኢንጌሪድ ወረንጦውን ያዘች፣ እኔ ወናፉን ነፋሁ። ዙሪያውን የሚረግፉ የሚመስሉ ትንንሽ ቅጠሎች አደረገበት፣ ስትራመድ የሚንሾካሾኩ። እንደዚያ ያለ አክሊል በሕይወቴ አላየሁም። ለሀብታሞቹም አልሠራላቸውም።

ቅቡ ላይ ሲደርስ ለመንኩት። «በናትህ፣ ብሩን እንዳለ ተውላት፣ ያምራል። ከዚህ በኋላ ጢሱን አትችለውም።» ምን አለኝ? «የሃልቫርድ ሚስት በወርቅ፣ የኔ ልጅ በባዶ ብር? አይሆንም። በሩን ዝጋና ውጣ፣ አንተ እንኳ አትተንፍሰው።» በሩን ዘጋሁ። ወርቁን ቀባ። ከዚያ ወዲያ ከአልጋ አልተነሳም።

ትናንት አስከሬኑን እያጠብን ሳለ ሃልቫርድ መጣ። ነፍስ ይማር አላለም። «አክሊሉ የት ነው?» አለ። «ያለ ጉባኤው ፈቃድ አክሊል የቤተ ክርስቲያኑን አጥር አያልፍም። ለጊዜው እኔ ዘንድ ይቀመጥ።» ለጊዜው! ውሃው እንኳ ከሰውዬው ገላ አልደረቀም። ዐይን ማውጣት እንደዚህ ነው። ይቀፈኛል፣ ሃልቫርድ። ትናንት የቀፈፈኝ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ወንድሜ ጉንላይክ፣ አሁን ላንተ ነው የምናገረው። በመርዝ ጢስ አስጌጥካቸው፣ ነውራቸውን በብር ሸፈንክላቸው፣ ስድባቸውን «አዎ» ብለህ ዋጥክላቸው። እኔ እንዳንተ አይደለሁም። እኔ ብረት ነው የምቀጠቅጠው።

ኢንጌሪድ፣ ልጄ፣ ወደዚህ ቅረቢ። አፈሩን መጀመሪያ የምታለብሺው አንቺ ነሽ። አትፍሪ፣ እኔ አጠገብሽ አለሁ። ሻሽሽን ከራስሽ ላይ አንሺው።

ይኸውላችሁ አክሊሉ። አጥሩን አልፎ ገብቷል፣ ከሻሿ ሥር፣ ከሳጥኑ ኋላ፣ ከናንተ ጋር፣ በበሩ ነው የገባው። እሑድ ደግሞ በዚያ በትልቁ በር ይገባል። ከራሷ ላይ የሚያነሳ ካለ አሁን ያንሳ። ራሱ ንጹሕ የሆነ፣ መቀነቱ በልኩ የሆነ፣ ይምጣ። ሃልቫርድ? ክቡር ቄስ? እናንተስ እናቶቼ?

እጠብቃለሁ።

ጉንላይክ፣ ማንም አልተነቃነቀም። ደህና እደር፣ ወንድሜ።