ከአበባው ጀርባ የቀረው ጽሑፍ

ቃል ሰጪ፦ መቀሷ (በሥራ የምትጠራበት)
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ ቪዲዮ ኤዲተር
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለው ስቱዲዮ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቀን፦ ሰኞ፣ የመታሰቢያው ዝግጅት ማግስት

የሟቹ አናጢ ታላቅ ልጅ በአባቱ መታሰቢያ ላይ ሁከት ፈጥራለች ሲል በእኔ ላይ ባቀረበው አቤቱታ መነሻነት ተጠርቼ ቃሌን እንደሚከተለው እሰጣለሁ። ቪዲዮውን ያስቆምኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም።

ታላቅየው ባለፈው ሳምንት ስቱዲዮዬ መጥቶ የአባቱን ፎቶዎችና በስልክ የቀሩ የድምፅ መልእክቶች ሰጠኝ። ሟቹ ቤተሰባቸውን ሲሰናበቱ የሚያሰማ ድምፅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሠርቼ ከፎቶዎቹ ጋር በቪዲዮ እንዳቀናብርለትም ጠየቀኝ። የሚነገረውን ቃል ጽፎ ያመጣው እሱ ሲሆን፣ «ወርክሾፑን ታላቃችሁ ይረከበው» የሚል ነበረበት። ቤተሰቡ ያውቅ እንደሆነ ስጠይቀው «ሁሉም ተስማምቷል፣ ለማስታወሻ ብቻ ነው» አለኝ። እኔ እንዲህ ያለ ሥራ ስሠራ «ይህ ድምፅ በኮምፒውተር የተሠራ ነው» የሚል ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከምስሉ ግርጌ አኖራለሁ። መጨረሻ ላይ ብቻ ሲሆን ሰው ሳያየው ተነስቶ ይሄዳል። ታላቅየው ጽሑፉ ምስሉን ያበላሻል ብሎ እንዳነሳው ለመነኝ፤ አሻፈረኝ አልኩ። ሳቅ ብሎ እሺ አለኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ሆኜ ፕሮጀክተሩን ይዤ ነበር። ቪዲዮው ሲጀምር ጽሑፌን አጣሁት። ከስክሪኑ ፊት ትልልቅ የአበባ ማስቀመጫዎች ተደርድረው የምስሉን ግርጌ ሸፍነውታል። ታላቅየው ለምን ሳቅ ብሎ እሺ እንዳለኝ ያኔ ገባኝ። ድምፁ ስለ ወርክሾፑ ሲናገር፣ ከአባቷ ጋር እዚያው ስትሠራ የኖረችው የታላቅየው ታናሽ እህት ከፊት ወንበር ተነሳች። እንባዋን እየጠረገች «አባዬ ካለ እሺ» ብላ የወርክሾፑን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ለወንድሟ ዘረጋች። ደሜ ፈላ። ቪዲዮውን አቁሜ፣ መብራት አብርቼ «ይህ የአባታችሁ ድምፅ አይደለም! ድምፁን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ቃሉን የጻፈው ልጁ ነው» ብዬ ጮህኩ። ታላቅየው «አንቺ ደግሞ ምን ቤት ነሽ?» አለኝ። ሄጄ አበባዎቹን አነሳሁና ጽሑፉን ለሁሉም አሳየሁ። አንዱ ማስቀመጫ እጄ ላይ ተሰብሯል፤ ለእሱ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ለሌላው ግን አልጠይቅም።

እህቲቱ ቁልፉን ኪሷ መለሰች። እናትየው ወደ እኔ መጥተው «የኔ ልጅ፣ እኔማ ከጅምሩ ግር ብሎኛል። እሱ እኮ በዚያ የእንጨት ብናኝ ሳያስል ሁለት ቃል ተናግሮ አያውቅም» አሉኝ። ሳሉን ጥራት ይቀንሳል ብዬ ያጸዳሁት እኔው ነበርኩ። «ሳሉ አንቺ ጋ አለ?» ሲሉኝ፣ ይህኛው የሟቹ የራሳቸው ድምፅ መሆኑን አስቀድሜ በማይክራፎን ተናግሬ ያልተነካውን የስልክ መልእክት ከፈትኩላቸው። ሟቹ በረጅሙ ከሳሉ በኋላ «መጣሁ፣ እራት እንዳትበሉብኝ» ይላሉ። እናትየው «ይኸው! ይኸው እሱ!» ብለው አለቀሱ። ታላቅየው ቀና ብሎ አላየም።

ከእንግዲህ በጽሑፍ ብቻ አልወሰንም። ምስሉ ሳይጀምር፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ፣ በአፌ እናገራለሁ። ከሳሽ ካለ ደግሞ ይክሰሰኝ።

ይህን ቃል ማንም ሳያስገድደኝ በገዛ አንደበቴ ሰጥቻለሁ። ሲነበብልኝ አዳምጫለሁ፤ ያላልኩት አልተጨመረበትም፣ ያልኩትም ከውስጡ አልጸዳም።

የቃል ሰጪ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________