ለሰው ሁለት መደብ ይሠሩ የነበሩት ወይዘሮ ተሾመች

ወይዘሮ ተሾመች እንየው የፈለጉት ለሕክምና ወደ ደሴ መሄዱን ነበር ወይስ ከሐይቁ ዳር ከቤታቸው መቅረቱን? ልጃቸው ሰርካለም ይህን ጥያቄ፣ አስከሬናቸው ፊታችን ባለበት በዚህ ሰዓት እንኳን መመለስ አልቻለችም።

ወይዘሮ ተሾመች ከአባታቸው ከአቶ እንየው ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ አንጓች በ1955 ዓ.ም. ከውጫሌ በላይ ባለች የአምባሰል መንደር ተወለዱ። ፊደል የለዩት በመሠረተ ትምህርት ሲሆን፣ ስማቸውን ከመጻፍ ብዙም አላለፉም። ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ ዓሣ አስጋሪውን አቶ አስረስን አግብተው ወደ ሐይቅ ወረዱ። ሰባ ሰባት መጣና የበኩር ልጃቸውን ቀበሩ። በዚያ ክፉ ጊዜ ሰው ያገኘውን እንጂ የወደደውን አይበላም ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ሰው ቆሞ ሲመርጥ ማየት ነፍሳቸው ነበር።

ባለቤታቸው ያሰገሩትን ዓሣ ገበያ አውጥተው፣ ከአምባሰል ባቄላ ጭነው ከሚወርዱት ጋር ይለዋወጡ ነበር። አለዋወጣቸው ግን እንደ ሌላው አልነበረም። ሰውየው ያመጣውን ባቄላ እንዳለ አንድ መደብ ያደርጉታል፤ ከጎኑ ደግሞ ከራሳቸው ባቄላ ቀነስ ያለ፣ ዓሣ የታከለበት ሌላ መደብ ይሠራሉ። ከዚያ «የቱን ትወስዳለህ?» ይላሉ። ሰውየው ቶሎ ብሎ ወደ ባቄላው ካመለከተ ዓሣ ያለበት ላይ ይጨምራሉ፤ ቶሎ ብሎ ዓሣ ወዳለበት ካመለከተ ከዚያው ባቄላ ይቀንሳሉ፤ ዓሣ ያማረው ብዙ ባቄላ ይለቃል፣ በዓሣ የጠገበው እፍኝም አይሰጥም፤ የየሰዉን ልክ እንዲህ ያገኙታል።

አጠገባቸው የሚሸጡት ወይዘሮ ኑርሀያት «አንቺ ተሾ፣ ስትክቢ ስትንጂ ዓሣው ሊሸት ነው እኮ፣ ወላሂ!» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። እርሳቸው ግን «ይሽተት እቴ፤ ሰውየው ልቡን ያግኝ» ይሉ ነበር። በመጨረሻ ሰውየው ግራ ቀኙን አይቶ «ኧረ አሁንስ የቱንም ቢሰጡኝ ግድ የለኝም» ሲል፣ ልኩ እርሱ ነው። ወይዘሮ ተሾመች ግን በዚያ አያበቁም። አንዲት ትንሽ ዓሣ ይጨምሩለታል። ግድ የለኝም ብሎ የሄደ ሰው ደስ ብሎት የሄደ አይደለም ይሉ ነበር።

ልጆቻቸውን እንዳለንና ሰርካለምን እንዲህ አሳደጉ፤ አቶ አስረስንም አስታመው ቀበሩ። ለእርሳቸው ግን ሁለት መደብ የሠራላቸው ሰው አልነበረም። ቀሚስ ሲገዛላቸውም፣ ምን እንሥራልዎ ሲባሉም መልሳቸው «ለእኔ ግድ የለኝም» ብቻ ነበር።

በቅርቡ ሆዳቸውን ታመሙ። ሐኪሙ ደሴ ገብተው ቀዶ ጥገና ያድርጉ፣ ሊድኑም ላይድኑም ይችላሉ አለ። ሰርካለም ገና አራስ ናት። ጨቅላ ልጇን ሳምሪን ታቅፋ አጠገባቸው ተቀምጣ «እማዬ፣ ደሴ እንሂድ ወይስ እዚሁ ልጅቷን እያጫወቱ ይረፉ?» ብትላቸው፣ «ግድ የለኝም ልጄ፤ አንቺ እንዳልሽ» አሉ። ሰርካለም እናቷ እንዲድኑላት ብላ ደሴ አለች። የተሳፈሩበት ባጃጅ ሐይቁን ሊያልፍ ሲል «አቁሙልኝ፣ ውሃ ልጠጣ» ብለው ወረዱ። ባጃጁ ውስጥ የያዙት ኮዳ ሙሉ ነበር፤ ወርደውም አልጠጡም። ቆመው ሐይቁን ሲያዩ ቆዩና «እንሂድ» አሉ። ከቀዶ ጥገናው ሳይነቁ፣ ሐይቁንም ሳምሪንም ዳግመኛ ሳያዩ፣ በተወለዱ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ።

ወይዘሮ ተሾመች አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ፣ አንዲት የልጅ ልጅ፣ እንደ እህት የኖሩ ጎረቤቶችም ትተው አልፈዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ራሷ ወዳ በምትመርጠው ስፍራ ያኑርልን፤ አሜን።

በገበያ አብራችኋቸው የዋላችሁ እናቶችና አባቶች፣ የቱን ይፈልጉ እንደነበር ከአፋቸው የሰማችሁ ካላችሁ ለሰርካለም ንገሯት። የሰማ ከሌለም፣ ሰው ግድ የለኝም ሲል ከልቡ መሆኑ በምን እንደሚታወቅ፣ ለእርሳቸውስ ያን ጊዜ ሊጨመርላቸው ይገባ የነበረው ምን እንደሆነ፣ እባካችሁ ምከሯት።