አባ ማኅተም ያልመለሱት ደብዳቤ

በሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት በዋና ጸሐፊነት ያገለገሉትን አዛውንት ካህን በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ጥቂት ነው። የጳጳሱ ማኅተም የሚቀመጠው በእሳቸው መሳቢያ ስለሆነና እሳቸው ሳያዩት የሚወጣ ወረቀት ስለሌለ፣ ወዳጅም ጠላትም “አባ ማኅተም” ይላቸዋል። ሰዓት አክባሪ፣ ጸሎተኛ፣ ለጽሑፍ ጥራት የሚጨነቁ ሰው ናቸው። አንድ ጉድለት ቢኖርባቸው፣ የሚያስቸግር ጥያቄ የያዘ ደብዳቤ ሲመጣ “ጊዜ ይፍታው” ብለው በስተግራቸው ካለው ሣጥን መክተታቸው ነው። ጊዜ ደግሞ ብቻውን የማይፈታው ብዙ ነገር አለ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት አባ ማኅተም ወንበር ላይ ያኖሩትን መነጽር ረስተው ተቀመጡበት። አንዱ ዘንግ ተሰብሮ መስታወቱ ከክፈፉ ወጣ። ለእሑድ የሚነበብ አንድ ደብዳቤ በቦርሳቸው ይዘው ስለነበር፣ ሳያርሙት መስጠት አልሆነላቸውም። ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ መንገድ ተሻግረው፣ በሩ ላይ ትልቅ ዓይን ከተሳለበት መነጽር ቤት ገቡ።

ቤቱ ጠባብ ነው። በግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች እያነሱ የሚሄዱ ፊደሎች ተሰቅለዋል፤ ለአባ ማኅተም ያን ጊዜ የመጀመሪያውም ፊደል ጥላ ነበር። ባለሙያዋ ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋት ሴት ናት። ወንበር ሰጥታቸው የተሰበረውን ተቀበለችና ከትንሿ መሳቢያ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ብሎን መፈለግ ጀመረች።

“አባ፣ ዓይንዎ ደክሟል። ብዙ ያነባሉ መሰለኝ” አለቻቸው።

“መጽሐፍ ቢሆን ባልቆጨኝ፣ ልጄ። ሰሞኑን ዓይኔን የፈጀው አንዲት ሴት በኢንተርኔት የምትጽፈው ነው። ራሷን ካቶሊክ ጦማሪ ትላለች። ጳጳሱ ለምን ይህን አደረጉ፣ ጽሕፈት ቤቱ ለምን ዝም አለ፣ ነጋ ጠባ ለምን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሥራ የለውም?”

ሴትዮዋ መፍቻዋን አስቀመጠች።

“ሥራ አለው፣ አባ። አሁን የእርስዎን መነጽር እየሠራ ነው። ያቺ ሴት እኔ ነኝ።”

አባ ማኅተም ተነሥተው እንዳይሄዱ መነጽራቸው በእጇ ነው። ቦርሳቸውን ወደ ሆዳቸው ጠጋ አደረጉት። በውስጡ ያለው ደብዳቤ ስለ እሷው የተጻፈ ነበር።

“እንግዲህ እግዚአብሔር ካገናኘን አልሸሽም” አሉ በመጨረሻ። “ቤተ ክርስቲያን እናት ናት። እናቱን አደባባይ አውጥቶ የሚከስ ልጅ ደግ ልጅ አይባልም።”

“አልከሰስኩም፣ አባ። በሯን ሦስት ጊዜ አንኳኩቼ የሚከፍት ባጣ ነው ከውጭ የተጣራሁት። ሰበካችንን የሚመሩት ካህን፣ ቆሞሳችን፣ በድንገት በተወሰዱ በሳምንቱ ለጽሕፈት ቤቱ ጻፍኩ። በወሩ ጻፍኩ። በሦስተኛው ወር ራሴ አምጥቼ ለጥበቃው ሰጠሁ። የት ናቸው? ታመው ነው? ብዬ ነው የጠየቅሁት። ‘ደርሶናል’ የሚል ቃል እንኳ አልመጣልኝም።”

አባ ማኅተም ሦስቱንም አስታወሱ። በስተግራ ካለው ሣጥን ውስጥ ናቸው።

“ዝግ አፍ ዝንብ አይገባበትም” አሉ።

“ዝንብ አይገባም፤ ግን ባለአፉ ዝም ሲል ጎረቤት ይናገርለታል። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ‘ነውር ተገኝቶባቸው ነው’ ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔን ያጋቡኝ፣ ልጆቼን ያጠመቁልኝ አባት ናቸው። ዝም ማለት እንዴት ይቻለኛል?”

እዚህ ላይ አባ ማኅተም የሚይዙት አገኙ። “አንቺስ ምን ጻፍሽ? ‘እውነት ተናግረው ከጳጳሱ ጋር ሳይጣሉ አይቀሩም’ አላልሽም? ሲጣሉ አይተሻል? አንዱን ወሬ በሌላ ወሬ ነው እንዴ የሚያጠፉት?”

ሴትዮዋ መስታወቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ ጭረቱን ፈተሸች።

“እሱ ጥፋቴ ነው” አለች። “እዚህ ቤት የሰው ዓይን ሳልለካ መስታወት ቆርጬ አላውቅም። ያቺን ዓረፍተ ነገር ግን ሳልለካ ቆረጥኳት። ተናድጄ ነበር።”

ሙግት የለመደ ሰው ተሟጋቹ ጥፋቱን ሲያምንለት ደስ ሊለው ይገባል። አባ ማኅተምን ግን ግራ አጋባቸው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ጽሕፈት ቤታቸው “እሱ ጥፋቴ ነው” የሚል ወረቀት አውጥቶ አያውቅም፤ ቢያወጣ በማኅተሙ ያውቁት ነበር።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “የቆሞሱ ነገር የሰውየው ክብር ስላለበት ነው ዝም ያልነው። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ” አሉ።

“አንድ ብቻ ልጠይቅ። አትናገሩብኝ ያሉት እሳቸው ናቸው?”

አባ ማኅተም “አዎ” ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ውሸት ስለማይወዱ መልሰው ዘጉት። እሳቸውን ጨምሮ ሦስት ሰዎች በአንድ ስብሰባ ወስነው ነበር እንጂ ቆሞሱን የጠየቀ አልነበረም። ሴትዮዋ ዝምታቸውን አልተጠቀመችበትም። ክፈፉን በሞቀ አየር አለስልሳ ከጆሯቸው ጋር አስማማችና መነጽሩን በዓይናቸው ላይ አኖረችላቸው። አባ ማኅተም የሰሞኑን ባላጋራቸውን ፊት ያን ጊዜ አዩት። እሑድ እሑድ ሕፃናቱን ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምር፣ ብዙ ጊዜ ከሩቅ ያዩዋት ሴት ነበረች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጽሕፈት ቤት አልተመለሱም። በጡረታ ያሉ ካህናት ወደሚኖሩበት ቤት ሄዱ። ቆሞሱን አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። በየመሳቢያው ላይ “ካልሲ”፣ “መድኃኒት”፣ “የጸሎት መጽሐፍ” የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እኚህ ሰው አንድ እሑድ ቅዳሴውን ከፈጸሙ በኋላ እንደገና ልብሰ ተክህኖ ለብሰው ሊጀምሩ ሲሉ ነበር የመርሳት ሕመማቸው የታወቀው። በዚህ ሐሙስ ግን አእምሯቸው ጥርት ብሎ ነበር።

“አንተ፣ አራት ወር ሙሉ አንድ ምእመን አልጠየቀኝም” አሏቸው። “ምን በድያቸው ነው?”

አባ ማኅተም ከጎናቸው ተቀመጡ። “የት እንዳለህ አያውቁም። ስለ ክብርህ ብለን አልነገርናቸውም። እነሱም... ነውር ተገኘበት ይላሉ።”

ቆሞሱ ቀና አሉ። “ነውረኛ ከሚሉኝ ዘንጊ ቢሉኝ ይሻለኛል። መዘንጋቴን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፤ እሱንም እስክዘነጋው ድረስ።” ፈገግ አሉ። “ንገሯቸው።”

በማግስቱ አባ ማኅተም ጳጳሱ ዘንድ ገብተው ሁሉን ተናገሩ። “ብፁዕ አባታችን፣ የሰውየውን ክብር ጠበቅን ብለን የጠበቅነው የራሳችንን ጸጥታ ነው። ደብዳቤዎቹን አፍኜ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ” አሉ። ጳጳሱ ሦስቱን ደብዳቤዎች እዚያው አነበቡ። “ትሕትና ያለው ጥያቄ ነው” አሉ በሐዘን። “ይህን በወቅቱ መልሰን ቢሆን ሌላውን ባልጻፈች።” የእሑዱን ደብዳቤ ሳይፈርሙበት መለሱላቸው።

አባ ማኅተም ሴትዮዋን አስጠርተው ያንኑ ደብዳቤ አስነበቧት። “ካቶሊክ” የሚለውን ስም ከገጿ እንድታነሣ፣ ሕፃናቱንም ከማስተማር እንድትታገድ ይላል።

“ልጆቹንም?” አለች።

“ልጆቹንም። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ። ጳጳሱ አልፈረሙበትም፤ ግን በድብቅ ከሚቀር ብታውቂው ይሻላል ብዬ ነው።”

“እኔንም ይቅር ይበሉኝ፣ አባ።”

ስለ ቆሞሱ ሕመም ሲነግሯት ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና አለቀሰች። አባ ማኅተም ግን የልማድ ነገር አልለቀቃቸውምና፣ “ከእንግዲህ ጽሑፍሽን ሳታወጪ በፊት ለእኔ ብታሳዪኝስ?” አሉ።

“ጥያቄዬን አስቀድሜ አሳይዎታለሁ፤ ሦስት ቀንም እጠብቃለሁ። ጽሑፌን ግን አላሳይዎትም። እርስዎ ያረሙትን ነገር ማን ያምነኛል?”

አባ ማኅተም ሳቁ። ነገሩ እውነት ነበርና ተስማሙ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ “ያልለካሁትን ጽፌ ነበር” ብላ ስሕተቷን በገጿ አወጣች። “አፏን አዘጓት” ያሉ አንባቢዎች ነበሩ፤ ለእያንዳንዳቸው በትዕግሥት መለሰች። እሑድ ደግሞ ጳጳሱ ራሳቸው በቅዳሴው መጨረሻ ስለ ቆሞሱ ሕመም ተናገሩ፤ ቀድሞ ባለመናገራቸውም ይቅርታ ጠየቁ። የጳጳስ ዙፋን በይቅርታ ይወድቃል ብለው የፈሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። አልወደቀም። ሕዝቡ ከዚያ በፊት ባልተሰማ ጸጥታ ነበር ያዳመጣቸው።

ከዚያ ወዲህ ጽሕፈት ቤቱ በሳምንት አንድ ቀን የምእመናንን ጥያቄ ተቀብሎ ይመልሳል፤ መመለስ የማይችለውንም “ይህን ልንናገር አንችልም፤ ምክንያቱ ይህ ነው” ይላል። መነጽር ሠሪዋ አሁንም ትተቻለች፤ አንዳንዴም አባ ማኅተምን እንቅልፍ ትነሣቸዋለች። ነገር ግን ጠይቃ ስለምትጽፍ ትታመናለች፤ ጽሕፈት ቤቱም ተጠይቆ ስለሚመልስ የዳቦ ቤቱ ሰልፍ የሚያወራው አጥቷል። አለቃ ጥያቄን እንደ ድፍረት ባይቆጥር፣ ጠያቂም ግምቱን እንደ እውነት ባይሸጥ፣ ስንት ቤት ከመፍረስ በዳነ ነበር።

ይቅርታው በተሰማበት እሑድ ከሰዓት በኋላ የጡረታው ቤት ግቢ በሰው ሞላ። ቆሞሱ የብዙዎቹን ስም አላስታወሱም፤ የመጣውን ሁሉ ግን በየተራ ግንባሩ ላይ እጃቸውን ጭነው ባረኩ። በመካከል አባ ማኅተምን በእጅጌያቸው ሳብ አደረጓቸው።

“ይህ ሁሉ ሰው ምን ሰምቶ ነው የመጣው?” አሉ በሹክሹክታ።

“እውነቱን ነግረነው ነው” አሉ አባ ማኅተም።

“ጎሽ” አሉ ቆሞሱ፤ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረውም እጃቸውን ዘረጉ።