ቃሬዛ ላይ የወጣው ሞተር

ትክል ድንጋይ አካባቢ ካለች አንዲት መንደር የወፍጮ ሞተር ልጠግን ሄድኩ። ዘይቱን አፍስሼ፣ ላዩን በናፍጣ አጥቤ ክዳኑን ስከፍተው ሲሊንደሩ ክፉኛ ተበልቷል። «ጎንደር ሄዶ በማሽን ካልተስተካከለ አይሠራም፤ መኪና ደግሞ እዚህ አይደርስም» አልኳቸው ለተሰበሰቡት የመንደሩ ሰዎች፣ ተስፋ ቆርጬ። የወፍጮው ጠባቂ አያ ደሴ፣ «ምነው ልጄ፣ በሽተኛ በምን የምናወጣ መሰለህ?» አሉና ቃሬዛ አስመጡ።

ያን የሚያህል ብረት በጠፍር አስረው ዳገቱን እየተፈራረቁ ተሸክመውት ወጡ። አንዱ ትከሻ ሳይዝል ሌላው ይገባል። ሴቶቹ ውሃ ይዘው ይከተላሉ። እኔም አፌን ይዤ ከኋላ ከኋላቸው። መንገድ ዳር ደርሰን አንድ የጭነት መኪና ስናስቆም ሾፌሩ ዘሎ ወረደና፣ «ማን ነው የታመመው?» ሲል ጠየቀ።

አያ ደሴ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «ወፍጯችን» አሉት።

ሾፌሩ አልሳቀም፤ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ይዞ አብሮን ጫነ። ሞተሩ ታድሶ ወደ መንደሩ የተመለሰውም በዚያው ትከሻ ላይ ነው።