ሴቭ የማያደርገው አሸናፊ

ናቲ፣ «ነፃውን ፕሮግራም አውርደህ አትሠራም ነበር?» አትበለኝ! እኔ መች ጠፋኝ? ለእንቁጣጣሽ የልጆቹን መዝሙር ቅዳ ብሎ ገንዘብ የመደበው እዚህ ያለው የሐበሻ ኮሚኒቲ ኮሚቴ ነው። ሰብሳቢው ጋሽ ተፈራ ደግሞ ዕርዳታ ድርጅት ግዢ ክፍል ስለሚሠሩ፣ የሙዚቃ ሶፍትዌርም ያለ ሦስት ፕሮፎርማ አይገዛም አሉ። ነፃውን ሳቀርብላቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማኅተሙ የታለ? ዋጋ የሌለው ነገር አይወዳደርም» ብለው ጣሉት። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው አሸነፈ፤ ለካስ የሸጠልን የሙከራ ቅጂውን ነው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሴቭ አያደርግም፣ ከተዘጋ ሥራው ይጠፋል» ብላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ታዲያ አትዝጋዋ!»

አልዘጋሁትም። ሦስት ቀን ሙሉ ላፕቶፑን እንደ አራስ ስጠብቅ ከርሜ፣ ሃያ ልጅ ከከተማው ማዶ ከላቪንግተንም ከኪሌሌሽዋም እኔ ቤት ካሳራኒ ድረስ እየመጣ ዘምሮ፣ የመጨረሻዋ ልጅ አፏን ስትከፍት ስቲማ፣ መብራቱ፣ ድርግም! የላፕቶፑ ባትሪ እንደሆነ ከሞተ ቆይቷል። ልጅቷ «እንደገና ልበል?» ትለኛለች። አሁን ጋሽ ተፈራ ደውለው «መዝሙሩ ደረሰ?» ይሉኛል። ናቲ፣ ይሄን ቮይስ ላክላቸው። ጋሼ፣ ነገ በዓሉ ላይ ሃያ እናት «የልጄ ድምፅ የታለ?» ብላ ስታፋጥጠኝ፣ እርስዎ ነዎት የሚዘምሩላት?