እጄን ሲንቄው ላይ አድርጌ

በእኛ ጊዜ፣ ያኔ እኔ ሰበታ የመንግሥት ቢሮ ስሠራ፣ የሚያምኑኝን ሴቶች ዋሽቼ ወደየቤታቸው መልሻለሁ። ልጆች፣ ዛሬ የማጫውታችሁ እሱን ነው።

ወጣቱ በመሬት ጉዳይ ሰልፍ ወጥቶ ነበርና ብዙዎቹን ይዘው ጣቢያ አስገቧቸው። ከተያዙት አንዱ የጎረቤቴ የአደ ጫልቱ ልጅ ነው፣ ባጃጅ ነጂው ገመቹ። አደ በኦሮምኛ ወይዘሮ ማለት ነው፤ እሳቸው እኔ ቢሮ ስውል ልጄን ያሳደጉልኝ ሴት ናቸው። ታዲያ ልጆቹን ወደ ሩቅ እስር ቤት ሊወስዷቸው ነው ተባለና እሳቸውና የሰፈሩ እናቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ወጡ። ሲንቄ ታውቃላችሁ አይደል፣ ኦሮሞ ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ነው፣ ሴቶች እሱን ይዘው ከቆሙ ወንድ ጥሷቸው አያልፍም። እና ጣቢያው በር ላይ፣ አስፋልቱ ላይ ተቀመጡ፣ ልጆቹን የሚወስደው መኪና መውጫ አጣ።

አንዱ ፖሊስ፣ "እናቶቼ፣ ዛሬ ምሳ አትሠሩም እንዴ?" ቢላቸው አንዷ፣ "ባሎቻችን ይሥሩ፣ ጨው የት እንደሚቀመጥ ይወቁ እንጂ" አለችው። ፖሊሱ ራሱ ፊቱን አዙሮ ሳቀ።

ታዲያ አለቃዬ ጠራኝና፣ "አንቺን ይሰሙሻል፣ ልጆቹ ነገ ጠዋት ይፈታሉ በያቸው" አለኝ።

"እውነት ይፈታሉ?"

"በያቸው አልኩሽ እኮ።"

ገባኝ። ያን ጊዜውኑ ገባኝ። ግን ባሌ ሥራ ፈቶ ነበር፣ ቤቱ በኔ ደሞዝ ነው የሚያድረው፣ እና ፈራሁ፣ ወደ ጣቢያው ሄድኩ።

ሴቶቹ ሲያዩኝ፣ "መጣች፣ የኛዋ መጣች" አሉ። ነገ ይፈታሉ አልኳቸው። አደ ጫልቱ ተነሡና ሲንቄያቸውን ዘረጉልኝ።

"ዱጋ?" አሉኝ፣ እውነት? ማለታቸው ነው። "እጅሽን እዚህ ላይ አድርጊና ድገሚው። ከዚያ ወዲያ ሌላ አልጠይቅሽም።"

እጄን አደረግኩ። ደገምኩት።

እና ተነሡ፣ አቧራቸውን አራገፉ፣ "ልጅሽን ያሳድግልሽ" እያሉ እየመረቁኝ ሄዱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ መኪናው ወጣ።

በማግስቱ አደ ጫልቱ የገመቹን ሸሚዝ አጥበው ተኩሰው፣ ጨጨብሳ በሳህን ሸፍነው መጡ። ጣቢያው ባዶ ነው። ቢሮዬ ድረስ መጥተው፣ "አንቺ ታውቂ ነበር?" አሉኝ። "እኔንም ዋሽተውኝ ነው" አልኳቸው። አመኑኝ። ጭራሽ "አይዞሽ" አሉኝ፣ እኔን አጽናኑኝ እኮ፣ ያንን ሳህን እንደያዙ።

ገመቹ ከወራት በኋላ ተፈታ፣ ግን ግራ እጁ እንደ ድሮው አይታዘዘውም፣ ባጃጁንም ሸጡት። አደ ጫልቱ እስከ ዛሬ በዓል በመጣ ቁጥር ቅቤ ይልኩልኛል። እኔም እቀበላለሁ፣ አያችሁ፣ እሱም ሌላ ዕዳ ነው።

ይህን ስናገር የምትጽፍልኝ ልጅ፣ "እትዬ፣ ለሳቸው ነግረዋቸዋል?" አለችኝ። አልነገርኳቸውም። ደጃቸው ድረስ እየሄድኩ ስለ ገበያ አውርቼ እመለሳለሁ። አሁን ጻፊው ያልኳት ገመቹ እንዲያነብላቸው ነው፤ እናንተም የምታነቡት እንድትሰሙኝ ነው።

አደ ጫልቱ፣ አውቄ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።